ከጀማል ቅንድብ ላይ የፋቅሁት ጠባሳ

አታምኑኝም፤ ዛሬ በመሞገሴ አፈርኩ።

አንድ የሰፈራችን ልጅ በደርግ ጊዜ የሠራሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ፣ ከሥሩ «የድሬ ወርቅ እጅ» ብሎ ጻፈ። ላይኩ እንደ ደቻቱ ጎርፍ ወረደ። ኮመንቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ጥራት ነው!» ይላል።

አቦ ተዉኝ!

ጥራቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ነገሩን ግን አትለፉት።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ፊት ማጽዳት ነው። ኔጋቲቩን መስታወት ላይ አስተኝቼ፣ ከሥሩ መብራት አብርቼ፣ በምላጭ ጫፍና በእርሳስ ብጉሩን፣ ማዲያቱን፣ የፈንጣጣውን ጉድጓድ አጠፋለሁ። ያኔ ሰው የሚፈልገው እንደ እንቁላል የለሰለሰ ፊት ነው። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሃያ ዓመት ባሳንሰው፣ መንገድ ላይ ቀድሞ ሰላም ይለኝ ጀመር። ያ ሰው ማንንም ሰላም አይልም ነበር!

አንድ ቀን ጀማል የሚባል ወጣት ከመልካ ጀብዱ መጣ። በማግስቱ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። ለእናቱ ፎቶ ሊተውላት ነው። ከዚያ በፊት ተነስቶ አያውቅም።

ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ነበረው።

ምላጬን ይዤ እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

አልዋሻችሁም፣ ዝም ብሎ ቆመ። ውስጤ «ተወው» አለኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ምክንያቱን የማይነግረኝን መስማት አልወድም። ጠባሳውን ፋቅሁት፣ ቅንድቡ ገጠመ። ሲያምር!

የተፋቀ ኔጋቲቭ አይመለስም። ይህን ያዙልኝ።

ከሳምንት በኋላ እናቱ አዴ ፋጡማ ፎቶውን ልትወስድ መጣች። ልጇ ሄዷል። ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አየችው።

«ዋርያ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ልጅሽ ነው አዴ። አሳምሬልሽ ነው።»

«ድሮስ አስቀያሚ ነው ያለህ ማነው?»

ሲነኩኝ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ጠባሳው ከሆነ የፈለግሽው በአንድ ሰዓት እመልሰዋለሁ፣ ገበያሽን ጨርሰሽ ነይ አልኳት። በየትኛው በኩል እንደነበር ልትነግረኝ ስትጀምር፣ እኔ ያየሁትን ፊት አልረሳም ብዬ አቋረጥኳት።

ቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ነክሬ ፎቶው ላይ አጎነበስኩ። እጄ ወደ ቀኝ ቅንድቡ ሄደ። ጎትቼ መለስኩት። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግራ ነው! ግራው ላይ አሰመርኩ።

እናንተዬ፣ እኛ ኔጋቲቭ የምንፍቀው በጀርባው ነው። በጀርባው ሲታይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ፎቶ ቤት በር ላይም አይቆምም። ስንት ዓመት የሠራሁበት ሰውዬ ረሳሁት።

እጄ ግን አልረሳም ነበር።

አዴ ፋጡማ ተመልሳ አየችና ሳቀች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄን መስታወት ውስጥ ከተትከው» አለችኝ።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔንም አስቀመጠችኝ። ጠባሳው ከየት እንደሚጀምር፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚያልቅ በጣቷ የኔው ቅንድብ ላይ ሳለችው። በአምስት ዓመቱ ከአህያ ወድቆ ነው። ደሙ እስኪቆም በመዳፏ ይዛው ነበር። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጣቷን ሳታነሳ ነው።

ከዚያው ኔጋቲቭ ሌላ ፎቶ አጥቤ፣ አፌን ዘግቼ ጠባሳውን እንዲስል እጄን ለቀቅኩት። እሷም አየችውና በሻሿ ጠቅልላ ሄደች።

ጀማል አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ እጄ ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ወጥቼ ባለፊቱን «ይሄ ይጥፋ ወይስ ይኑር?» እላለሁ። ብዙ ሰው ተቀይሞኛል። አለቃዬም ደንበኛ አባረርክ ብሎ ስንት ቀን አኩርፎኛል። ግድ የለኝም፤ ተምሬአለሁ ብዬ ኮራሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል አዴ ፋጡማን ገበያ አገኘኋት። አርጅታለች። ፎቶው ደህና ነው ወይ አልኳት። ልትመርቀኝ መስሎኝ ነበር።

«አሁን መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። «ምን ይመስል እንደነበር ፎቶውን ነው የምጠይቀው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ከጠባሳው ሌላ ያጠፋኸው ነገር ነበር እንዴ?»

ቆሜ አሰብኩ። ምላጬ ጉንጩ ላይ አርፎ ነበር። ከንፈሩ አጠገብም እርሳስ ነክቻለሁ። ምን ነበር እዚያ? ማርያም የሳመችው ይሁን፣ የብጉር ምልክት ይሁን አላውቅም። ያኔ ለእኔ ቆሻሻ ነበር፤ ቆሻሻ ደግሞ ማን ያስታውሳል?

«አላስታውስም አዴ» አልኳት።

«እኔም» አለችኝ።

በዚያ ዘመን ከዚራ የተነሳ፣ ፊቱ አንድ እንከን የሌለው የአባት ወይ የእናት ፎቶ ቤታችሁ ካለ፣ የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት እያለ ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ።

ምን አጥፍቼባችኋል?