የአቶ ድንበሩ እጅ

ትናንት ደግሞ ሕልም አየሁ። ሕልም ማየት ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ሌላ ምን ያያል። ከትናንቱ በኋላ ግን እስካሁን ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል።

በሕልሜ የከተማችን ዋና መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። የምርጫ ቀን ነው። ሰዉ ሁሉ ደጃፉ ላይ ዘና ብሎ ተቀምጧል፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የድምፅ መስጫ ኮሮጆዎቹ ናቸው። አንዱ ኮሮጆ የአከራዬ የእትዬ ትርንጎ በር ላይ ቆሞ ይለማመጣል።

"እመቤቴ፣ አንዲት ድምፅ። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባዶ ነው።"

"ዛሬ ስብሰባ ላይ ነኝ" አሉት እትዬ ትርንጎ፣ ምስራቸውን እየለቀሙ። "ነገ ተመለስ።"

ኮሮጆው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ወዲያው አቶ ድንበሩ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው እየሮጡ በፊቴ ሊያልፉ ደረሱ።

አቶ ድንበሩን ለማታውቁ፣ በእውኑ ዓለም የክልል ምክር ቤት ተወካያችን ናቸው። ሦስት ጊዜ መርጠናቸዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ወንዛችን ላይ ድልድይ አሠራለሁ ብለው ነው። ወንዙ እስከ ዛሬ ክረምት በገባ ቁጥር ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ማዶ ገበያ የሄደ ሰው ውሃው እስኪጎድል እዚያው ዘመድ ፈልጎ ያድራል።

"ጋሼ ድንበሩ፣ እጅዎ ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"ድልድዩ ይሠራ ሲባል ደግፌ ያወጣኋት ናት። የዚህን አገር ሕግ አታውቅም እንዴ? አባል እጁን ያወጣበት ነገር እስኪሠራ ድረስ እጁ አትወርድም።"

ቀና ብዬ አየሁ። መዳፋቸው ላይ ዋኖስ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ታቅፋለች። ለካ ሩጫቸው እንደዚያ የተመጠነው ለእሷ ተጠንቅቀው ነው።

"ባለቤቴ ልብስ ታሰጣብኛለች" አሉ። "እሱስ ይሁን። ብብቴን ግን ብርድ ፈጀው፣ ልሳኑ። ስንት ክረምት።"

"ታዲያ ለምን ይሮጣሉ?"

"እንዳልመረጥ ነዋ።"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንዲት አህያ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ አድርጋ መጣች። አስመራጯ እሷ ናት።

"ልሳኑ ደርበው አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ተጠቁመሃል። የአቶ ድንበሩ ተፎካካሪ አንተ ነህ። የምርጫ ምልክትህ ትራስ ነው።" አንድ ትራስ አሸከመችኝ።

"ምን አጠፋሁ?" አልኳት።

"ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰህ ቤት ተቀምጠሃል። ሁለት ሥራ የፈቱ እጆች አሉህ። ከተመረጥክ የእሳቸው እጅ ትወርዳለች፤ ያንተ በፈንታዋ ትወጣለች።"

መሸሽ ፈለግኩ፤ እግሬ ግን በቀጥታ የምረጡኝ ቅስቀሳው ቦታ፣ ዋርካው ሥር ወሰደኝ። ሕዝቡ መድረኩ ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። እኔና አቶ ድንበሩ ፀሐይ ላይ ቆመናል።

"ወገኖቼ" አልኩ፣ "እኔን አትምረጡ። ሰነፍ ነኝ፤ ተቀምጬ እንኳ እንቅልፍ ይወስደኛል። አቶ ድንበሩ ግን ልምድ አላቸው። እጃቸውም ከፍታውን ለምዳዋለች።"

"ሰማችሁት?" አሉ አቶ ድንበሩ። "ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚናዘዝ ዕጩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እውነተኛ ልጅ ነው። እኔ ውሸታም ነኝ።"

"እሱስ ልክ ነዎት" አለ አንድ ድምፅ ከመድረኩ።

"ይኸው እሳቸውም እውነት ተናገሩ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "እሳቸውን ምረጡ።"

ሕዝቡ ተተራመሰ። በዚህ መሀል እትዬ ትርንጎ ብድግ አሉ። "እኔ ልሳኑን ነው የምመርጠው። በር ሲዘጋ እንኳ ቀስ አድርጎ ነው።"

"እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?"

"ዝም በል፣ ልጄ። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዶ ካለችው እህቴ እቆራረጣለሁ። የእሳቸው እጅ ደርቃለች፤ እስቲ ያንተ ደግሞ ትሞከር።"

አለቀልኝ። ኮሮጆዎቹ ጠግበው አገሱ። አህያዋ በሙሉ ድምፅ መመረጤን አውጃ አፍንጫዬን ቀለም ነከረችው።

የአቶ ድንበሩ እጅ ወረደች። ዋኖሷ እንቁላሎቿን ይዛ ወደ እኔ መዳፍ ተዛወረች፤ እጄ ሳላዛት ሽቅብ ወጥታ ተገትራ ነበር። አቶ ድንበሩ የወረደችውን እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሞቀኝ" አሉ፤ እንባቸው ወረደ።

ከዚያ ራሴን ምክር ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። አባላቱ ሁሉ እጃቸው ተሰቅሎ፣ አዳራሹ የባሕር ዛፍ ጫካ መስሏል። የተቀመጥኩት ሁለቱም እጆቻቸው የተሰቀሉ ሽማግሌ አጠገብ ነው።

"አንዷ ለውሃ፣ አንዷ ለመብራት" አሉኝ።

"እህል እንዴት ይቀምሳሉ?"

"ሕዝቡ ያጎርሰኛል።"

"በየቀኑ?"

"እሱ ሲጠግብ።"

ፈራሁ። እዚህ ተቀምጬ ልሸብት ነው። ይልቅ ሄጄ ያልተሠራውን ድልድይ ራሴ ልሥራው ብዬ በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ፤ ከመስኮቱ ሥር ወንዛችን ሽቅብ ይፈስሳል። በግራ እጄ አንድ ድንጋይ አንስቼ ውሃው ውስጥ አኖርኩ።

ቀኟ ትንሽ ዝቅ አለች።

ሌላ ድንጋይ አኖርኩ። አሁንም ዝቅ አለች። ይሄኔ ልቤ በደስታ ተነሳ። ኮሮጆዎቹ ድንጋይ በሆዳቸው ሞልተው መጡ፤ ሽማግሌው በእግራቸው እያንከባለሉ መጡ፤ አቶ ድንበሩ ሳይቀሩ በነጻ እጃቸው አንድ ቋጥኝ ይገፋሉ።

"ልምድ አላቸው ብለህ የለ" አሉኝ እያለከለኩ።

ማዶ አንዲት ሴት ነጠላዋን ታውለበልባለች። የእትዬ ትርንጎ እህት ናት፤ መልኳ ቁርጥ እሳቸውን ነው። አንድ ድንጋይ ብቻ ቀረ። እጄ ጆሮዬ ጋ ደርሳለች። የመጨረሻዋን ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ጎኔን አንድ ነገር ጎሸመኝ።

የእትዬ ትርንጎ ክርን ነበር።

የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ። የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል። ከምሳ በኋላ ለስብሰባ ተጠርተን፣ አቶ ድንበሩ ሪፖርታቸውን ማንበብ ሲጀምሩ ነው እንቅልፍ የጣለኝ። አሁን ክራቫታቸውን አስረው፣ ሁለት እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

ሊቀመንበሩ ማይኩን ይዘዋል። "ድልድዩ በጥናት ላይ መሆኑን የሚገልጸውን ሪፖርት፣ እንዲሁም አቶ ድንበሩ ለአራተኛ ጊዜ ዕጩ እንዲሆኑ የቀረበውን ሐሳብ፣ የደገፋችሁ እጃችሁን አውርዱ፤ እናመሰግናለን። አሁን የምትቃወሙ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ ብያለሁ።" ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "አንድ እጅ ይታየኛል።"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ቀና ብዬ አየሁ። የእኔ ቀኝ እጅ ናት፤ ቀጥ ብላ ተሰቅላለች።

አቶ ድንበሩ ፈገግታቸው እንዳለ ቀረ። "ልጄ፣ ተቃውሞ ነው?"

"አውርዳት" አሉኝ እትዬ ትርንጎ በሹክሹክታ፣ ጉልበታቸውን እያዩ። "አውርዳት፣ ልጄ።"

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ደምቀው የሳቁት አቶ ድንበሩ ነበሩ።

እንቢ ትለኝ ይሆን ብዬ እየፈራሁ እጄን ቀስ አድርጌ ሞከርኳት። ወረደች። አንድ ድንጋይ ሳይነሳ፣ እንደ አዳራሹ እጅ ሁሉ ቀለል ብላ ወረደች።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አሉ ሊቀመንበሩ።

እፎይ አልኩ። እጄን ብብቴ ሥር ከተትኳት። ሞቀኝ።