የዶኛ ኦብዱሊያ ቧንቧ

ንዴት አናቱ ላይ የወጣበትን ሰው «እስቲ ረጋ በል» የምትል ሴት የሌለችበት መሥሪያ ቤት የለም። እግዜር ድምጿን ዝግ፣ ትዕግሥቷን ረጅም አድርጎ ይፈጥራትና አንገቷን ግን እነቂያት እነቂያት እንዲያሰኝ አድርጎ ይሠራዋል።

የእኛዋ ክብርት እመቤት ዶኛ ኦብዱሊያ ይባላሉ። እዚህ ማኒሳሌስ ከተማ፣ የሆስፒታላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነዋል። አዲስ ነርሶች በሦስት ወራቸው እየለቀቁ አስቸገሩ ተባለና፣ «ልብን የመሰብሰብ ሥልጠና» የሚባል ነገር ከላይ ታዘዘ፤ አሠልጣኟም እሳቸው ሆኑ። ክፍል የለ፣ ምንጣፍ የለ፤ ሥልጠናው እጅ መታጠቢያው ላይ ነበር።

«እጅሽን አስገቢ ልጄ። ውሃው እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«የቱ ጣትሽ ላይ ቀደመ?»

ወይ ጣጣ! ገና የገባሁ ነርስ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ፋሻ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም። በእኛ አገር ደግሞ ነርስ ሁሉ «ጄፌ» ነው የምትባለው፣ አለቃ ማለት ነው። አያቴ የሚሆን ሽማግሌ እጄን ይዞ «ጄፌ፣ ልሞት ነው እንዴ?» እያለኝ ስለ ጣቴ ልጨነቅ?

ሴትዮዋ ግን ማንንም አይምሩም። አንድ ቀን ቀዶ ሐኪሙ «የታካሚው ፋይል የታለ?» እያለ ሲጮህብኝ ክርኑን ይዘው ጎትተው ቧንቧው ሥር አቆሙት። «ዶክተር፣ ውሃው እንዴት ነው?» አሉት። ሰውዬው ጣቶቹን ሲመረምር ቆየና በማን ላይ እንደተቆጣ ጠፋው።

የውሃ ማሞቂያው ከተበላሸ ዓመት አልፎት ስለነበር መልሱን በቃላችን ያዝነው። ገና ሲያዩን «ቀዝቃዛ ነው!» ብለን እናመልጣለን።

በስድስተኛው ሳምንት ታካሚዬ ዶን አርሴሲዮ እጄ ላይ ሞቱ። ጠዋት ጠዋት ከአሬፓቸው፣ ከበቆሎ ቂጣቸው፣ ግማሹን «ብዪ ጄፌ፣ ከስተሻል» እያሉ የሚያስቀምጡልኝ ሰው ነበሩ። በቃኝ አልኩ። ከእንግዲህ ማንም ጄፌ እንዳይለኝ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ኪሴ ከተትኩና ዶኛ ኦብዱሊያን ፍለጋ ወጣሁ።

መታጠቢያው ጋ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። ውሃው ይፈሳል፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ ይወርዳል። ለካ ዶን አርሴሲዮን፣ ሆስፒታል በተኙ ቁጥር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት አስታመዋቸዋል።

«ውሃው እንዴት ነው፣ ኦብዱሊያ?» ይላሉ ለራሳቸው። ደግመው ይጠይቃሉ።

አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ቆምኩና «ቀዝቃዛ ነው፣ ጄፌ» አልኳቸው።

«ውሸታም!» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ማሞቂያውን ትናንት ጠግነውታል። ሳትነኪው ነው የመለስሽው። እጅሽን አስገቢ!»

አስገባሁ። እውነታቸውን ነው፣ ሞቋል።

«የቱ ጣትሽ ላይ ቀደመ?»

«አውራ ጣቴ ላይ» አልኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጎን ለጎን ቆመን፣ እጃችን ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ እስኪወጣልን አለቀስን።

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ተረስቶ ከዩኒፎርሜ ጋር ታጠበ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ፣ ለነርስነቴ ከእግዜር ቀጥሎ የማመሰግነው እሳቸውን ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እሑድ እሑድ ስደውልላቸው ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝን ታውቁታላችሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ ቧንቧው እሮጣለሁ፤ ሳልነካው ብመልስ ይነቁብኛል።