የድንጋይ ሽበት

የሰውን ዕድሜ ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። የነቀምቴው ጨለለቂ ደግሞ የሁሉንም አውራ አግኝቷል፤ ክቡር ኦቦ ዋቅወያን። በራቸው ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ዕድሜ ያድላሉ። «አንቺ ድርቤ፣ የሲሬው መንገድ ሲሠራ እናትሽ ጀርባ ላይ ነበርሽ። አርባ ሞልቶሻል፤ ሠላሳ አምስት ነኝ እንዳትዪ!» ድርቤ ሠላሳ አምስት ልትል ነበር።

ዛፍ በሉ፣ አጥር በሉ፣ የጎረቤት ላም በሉ፣ ከእሳቸው ብይን የሚያመልጥ የለም። አንዱን ከሌላው ያስተያዩና «ይኼ ከዚያ ይቀድማል፤ ያለቀ ነገር ነው» ይላሉ። እንዲህ ካሉ በኋላ ይግባኝ አይታሰብም።

ይህ ነገር ጡረታ የወጣውን የጂኦግራፊ መምህር ሳህሉን ያንገበግበዋል። የምድርን ዘመናት ለግማሹ ከተማ ያስተማረው እሱ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚነጠፍ ሰሌዳ ላይ እየሳለ ጉሮሮው ደርቋል። ታዲያ ሰው የዕድሜ ነገር ሲቸግረው ወደ ማን ይሄዳል? ወደ ኦቦ ዋቅወያ! ሳህሉ ቅናቱን «ለሳይንስ መቆርቆር» ብሎ ይጠራዋል እንጂ፣ ሰው ሽማግሌውን ከቦ ሲስቅ ባየ ቁጥር ምሳው አልወርድ ይለዋል።

ከሁሉ የከፋው ምርቃቱ ነው። የእድር ስብሰባ ሲከፈት የሚመርቀው አንጋፋው ነው፤ አንጋፋው ማን እንደሆነ የሚወስኑት ኦቦ ዋቅወያ ናቸው፤ የወሰኑትም ለራሳቸው ነው። ሳህሉ አንድ ቀን እንኳ እሱ መርቆ ሰው «አሜን» ሲለው መስማት ይመኛል። «ትበልጠኛለህ ያለው ማነው?» ብሎ ሲሟገት መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «እናትህ አንተን ስትወልድ እናቴ የላከችላትን ገንፎ መንገድ ላይ ጨርሼ የተገረፍኩት እኔ ነኝ። ያለቀ ነገር ነው።»

ዘንድሮ መንገድ ሊሰፋ ከሰፈሩ በላይ ያለው ኮረብታ በዶዘር ተቆረጠ። ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ ከታች ነጣ ያለ ግራናይት ወጣ። ኦቦ ዋቅወያ ከዘራቸውን ቀስረው ፈረዱ። «አንጋፋው የታችኛው ነው። ሸብቶ አታዩም? ጥቁሩ ገና ጎረምሳ ነው።»

ሰው አጨበጨበ፤ የሳህሉ ደም ፈላ። የታችኛው እንደሚቀድም አሳምሮ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ግን ለዋቅወያ «ልክ ነህ» ከማለት ምላሱን ቢነቅሉት ይሻለው ነበር።

«ተሳስተሃል!» ብሎ ጮኸ። «ጥቁሩ ይበልጣል። በሳይንስ!» ሳይንስ ይቅር ይበለው።

በሳምንቱ ሜቲ መዶሻዋን ይዛ መጣች። የሳህሉ ተማሪ የነበረች፣ አሁን የድንጋይ ተመራማሪ የሆነች የሰፈሩ ልጅ ናት። ለእድር የተሰበሰበው ሰው ኮረብታው ስር ከበባት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። ሳህሉ መግቢያ ቀዳዳ አጣ።

«የታችኛው፣ አባባ» አለች ሜቲ። «በሽበቱ ግን አይደለም፤ ቀለም ዕድሜ አይናገርም። ባዛልቱ ቀልጦ የፈሰሰው በግራናይቱ ላይ ነው፤ የታችኛው ቀድሞ ባይኖር በምን ላይ ይፈሳል? ይህ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይነግረናል። ቁጥሩን የምናገኘው ግራናይቱ ውስጥ ካሉ ዚርኮን ከሚባሉ ደቃቅ ፍሬዎች ነው። ሲፈጠሩ ዩራኒየም ይዘው ነው፤ እሱም በማይለወጥ ፍጥነት ቀስ በቀስ ወደ ሊድ፣ ማለትም ወደ እርሳስ ማዕድን፣ ይቀየራል። የተቀየረውንና የቀረውን ለክተን ዕድሜውን እናሰላለን። እንዲህ ያለው ግራናይት ብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፤ ባዛልቱ በአሥር ሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው! ጎረምሳ አላልኩም?» አሉ ሽማግሌው። «ለመሆኑ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ ሳህሉ ናቸዋ! ‹ከስር ያለው አንጋፋ ነው› እያሉ በዜማ ያስጠኑን ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ሳህሉ ዞረ። ድርቤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ ከኦቦ ዋቅወያ የሚመጣውን ውርጅብኝ ጠበቀ። እሳቸው ግን ትንሽ አዩትና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«በሉ ስብሰባው ይከፈት» አሉ። «ዛሬ የሚመርቀው በርሲሳ፣ መምህራችን ነው። ዕድሜያችንን እንደገና ሳሰላው ለካ እሱ ይበልጠኛል።»

ሰፈሩ ክው አለ። ኦቦ ዋቅወያ ዕድሜ ሲያስተካክሉ ታይቶ አያውቅም። ሳህሉ ስንት ዘመን የተመኘው «አሜን» በሰው ሁሉ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እጁን ለምርቃት ዘረጋ። ያኔ ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ አየ፤ ውሸት እንዳልለመዱ ያስታውቃሉ። የቀናባቸው ሰው ክብራቸውን አንስተው ለእሱ ሰጥተውታል። ሆዱ ባባ፤ እጁንም ሰበሰበ።

«የእናቴን የአራስ ገንፎ የበላ ሰው ከእኔ አያንስም» አለ። «ይመርቁን፣ ኦቦ። ያለቀ ነገር ነው።»

ኦቦ ዋቅወያ መረቁ። ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ሳህሉ ነበር።