ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ያለፈው በርጩማ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ መጨረሻ ልጅ የተበደለ ፍጡር የለም! «እንዴ! የመጨረሻ ልጅማ ሞልቃቃ ነው፤ ሲቆጡት የሚያለቅስ፣ ሳይቆጡትም የሚያለቅስ...» የምትሉኝ ካላችሁ፣ እናንተ የበኩር ልጆች ናችሁና ነገሩ አይገባችሁም። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሁለተኛ ልጅ ከላይ ተቀባይ፣ ከታች አቀባይ ነውና የሁለቱንም ወገን ጉድ ያውቃል። ነቀምቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እኛ ቤት አዲስ ነገር የሚገዛው ለታላቅ ወንድሜ ለታደሰ ብቻ ነበር። ኮቱ ከታደሰ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ገመቹ፣ ከገመቹ ወደ ለሊሴ ይወርዳል። ለሊሴ አንዲት እህታችንና የቤቱ መደምደሚያ ናት። ኮቱ እሷ ዘንድ ሲደርስ ክርኑ ተበልቶ፣ ቁልፉ በወንድ በኩል እንደሆነ፣ ኪሱ ውስጥ የሦስት ወንድሞች የቆሎ ፍርፋሪ ተጠራቅሞበት ነው። መጽሐፉም እንደዚያው፤ የጥያቄው መልስ ሁሉ በእርሳስ ተሞልቶ ይደርሳታል... ያውም ስህተቱ! ምን አለፋችሁ፣ ኩፍኝ እንኳ ለእሷ የደረሳት እኛ ሦስታችን ተራ በተራ ከጨረስነው በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውርስ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቀላው አንድ በርጩማ ነው።

አባታችን ከሸዋ መጥቶ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሐሰት ምስክሮችን ቃል ሲጽፍ ስለሚውል፣ ቤት ሲገባ ለሌላ ውሸት የሚሆን ጆሮ አይተርፈውም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ቀበቶውን እየፈታ። ቀበቶውን የሚፈታው ራት ስለበላ ይሁን ነገር ስለደረሰበት እስክናውቅ ድረስ አራታችንም እስትንፋሳችንን ውጠን እንጠብቃለን።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ደግሞ የስድስተኛ ክፍል የእጅ ሥራ መምህር ነበሩ፤ መምህር ዋቅጅራ የሚባሉ፣ ወሬ የማያበዙ የዲጋ ሰው። ሰኔ ሲገባ እያንዳንዱ ተማሪ «በገዛ እጁ» የሠራውን ዕቃ ይዞ ይቀርባል። እሳቸው ያገላብጡታል፤ በጣታቸው ኳኳ ያደርጉታል፤ በርጩማ ከሆነ ደግሞ ይቀመጡበታል። ከዚያ ከአሥር የታሰበውን ማርክ ከሥሩ በቀይ ቀለም ይጽፉበታል። ሌላ ሙግት የለም።

ታደሰ ለስድስተኛ ክፍል ሲበቃ አንድ የዋንዛ ግንድ ቁራጭና የአባታችንን መጥረቢያ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግንዱ ደህና ነበር፤ የተጠረበው የታደሰ አውራ ጣት ነው። ቅዳሜ የእናታችን ወንድም ከዲጋ ለገበያ መጣ። እኛ ልጆቹ በእናታችን አገር ወግ «ኤሱማ» ነው የምንለው። ኤሱማ ጣቱን አየ፣ ግንዱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ግንዱን በአህያው ጭኖ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግንዱ ሦስት እግር አውጥቶ ተመለሰ! አንደኛው እግሩ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ነበረችበት፤ የዶሮ ዓይን ትመስላለች።

መምህር ዋቅጅራ ተቀመጡበት። «ከባድ ነው» አሉና ስድስት ጻፉ።

በዓመቱ ተራው የእኔ ሆነ። እንደ ታላቅ ወንድሜ ሞኝ አይደለሁምና ጣቴን ለመጥረቢያ አልሰጠሁም። ማዕድ ቤት ገባሁ። «እማ፣ እስቲ አንዴ ተነሺ» አልኩ። ተነሳች። በርጩማውን ይዤ ወጣሁ። ቀይ ቀለም ዋንዛ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰርግ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ! በጠርሙስ ስባሪ ሁለት ቀን ፋቅሁ። ከሥሩ ብቻ ቢሆን ያስታውቃል ብዬ ከላይም ፋቅሁ፤ በመጨረሻ ቅቤ ቀባሁት። መምህር ዋቅጅራ ተቀመጡበት። «ቀለል ብሏል» አሉና ሰባት ጻፉ።

ገመቹ በሚቀጥለው ዓመት ሰባቴን ፋቀ። እሱ ደግሞ ከሁላችንም የባሰ ጥንቁቅ ነውና እግሮቹንም ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ አስተካከላቸው። ስምንት! በርጩማው እየሳሳ ሲሄድ ማርኩ እየወፈረ ይሄዳል። እናታችን ብቻ ምድጃው ሥር ተቀምጣ፣ «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ይህ በርጩማ እየሰመጠ ነው ወይስ እኔ እያረጀሁ ነው?» ትላለች።

አባታችን ማዕድ ቤት የሚባል ክፍል ረግጦ አያውቅም። እሱ የሚያየው የፈተና ወረቀታችንን ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ፣ «ልጆቼ እጃቸው ወርቅ ነው! ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት... የትንሿ ዘጠኝ ነው!» ብሎ አወራ። ዳኛው ሳይቀሩ ሰሙ።

እንግዲህ የለሊሴ ዓመት ደረሰ።

«በርጩማውን ፋቅልሽ?» አላት ገመቹ፣ ቸርነት ተሰምቶት።

«አልፈልግም። የራሴን እሠራለሁ።»

ሳቅን። ሴቶቹ ተማሪዎች ስፌት ነው የሚያቀርቡት፤ እሷ ግን ስፌትም አልወደደች፣ የእኛንም አልወደደች።

«ለምንድን ነው የማትፈልጊው? ያለፈ በርጩማ እኮ ነው!»

«ኮታችሁን ለብሻለሁ፣ መጽሐፋችሁን አንብቤያለሁ፣ ኩፍኛችሁን ታምሜያለሁ» አለች። «አንድ ነገር እንኳ የራሴ ይሁን!»

ያን ጊዜ ይህ ቃል ልቤን ሊነካው ይገባ ነበር። አልነካኝም። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ልብ ያለበትን ቦታ ገና አያውቀውም።

ለሊሴ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄደች። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዋናው መንገድ ላይ የከተሙ፣ ደንበኛውን ሁሉ በየቋንቋው የሚያስቁ ነጋዴ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ባዶ የሳሙና ሳጥን አለዎት?»

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልቀመጥበት።»

«ኮቱ ታኢ! ነይ ቁጭ በይ፤ እዚህ ወንበር አለ አይደል እንዴ?»

«የራሴ ላይ ነው መቀመጥ የምፈልገው።»

ሳጥኑን ሰጧት። ሚስማሩን ነቅላ በድንጋይ አቃናች፤ ሳንቃውን ቆረጠች፤ ከአጥር ሦስት እግር አወጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓሯችን ኳ! ኳ! ሲል ከረመ። ሲያልቅ... ምን ልበላችሁ? ከምንም ይሻላል እንኳ አይባልም! ወደ ግራ ያዘነብላል። ጎኑ ላይ «ሳሙና» የሚል ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል። ከሥሩ ግን በሚስማር ጫፍ ጭራ ጭራ አድርጋ «የለሊሴ» ብላ ጽፋበታለች። ከእሷ በኋላ ልጅ የለምና ማንም ፍቆ የሚወርሳት አልነበረም።

የማስረከቢያው ቀን ጠዋት ታደሰ እኔንና ገመቹን ከቤቱ ኋላ ሰበሰበን።

«ያንን ይዛ ከሄደች ሦስት ብታገኝ ነው» አለ። «አባባ ደግሞ፣ ‹ስምንት የሚሠራ ቤት እንዴት ሦስት ይሠራል?› ብሎ ይጠይቃል። ከጠየቀ ይመረምራል። ከመረመረ...»

ሦስታችንም ቀበቶው ታየን። ዝናብ ይጥል ስለነበር እኔ የደግ ወንድም ፊት ለብሼ፣ «ለሊሴ፣ እንዳይበሰብስብሽ በጆንያ ጠቅልዬ ልሸከምልሽ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አፍ ሰምታ አታውቅም። ጆንያው ውስጥ ያስገባሁት የትኛውን እንደሆነ ገብቷችኋል። የእሷን በርጩማ እንጨት ክምር ሥር ደብቄው ሄድን።

ተማሪው በረንዳው ላይ ተሰልፏል። የለሊሴ ተራ ሲደርስ ጆንያውን ፈታሁ። ለሊሴ አየች። ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ይነገር የሚል ሕግ ነበር፤ ንዴት ግን ሕግ አያውቅም።

«ኩን ካን ኮ ሚቲ!» ብላ ጮኸች። «የኔ አይደለም! ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም!»

መምህር ዋቅጅራ በርጩማውን አነሱት፣ አገላበጡት። የዶሮ ዓይኗን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉና፣ ለብዙ ጊዜ እንደተለዩት ወዳጅ፣

«አካም ጂርታ?» አሉት።

በርጩማውን ነው! በርጩማውን «እንዴት ነህ?» አሉት! እኔ የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

ከዚያ እንደ ደንባቸው ተቀመጡበት። ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የሁለት ወንድሞች ፍቅፋቂ ያሳሳው መቀመጫ ለሁለት ተከፈለና መምህር ዋቅጅራ በረንዳው ላይ ተዘረጉ። አንድም ተማሪ አልሳቀም፤ መሳቅ የምንችል አልነበርንም። እሳቸው እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ እኔን አዩኝ።

«የአጎታችሁን እጅ ገና ያኔ አውቄዋለሁ» አሉ። «እናቴም የምትቀመጠው እሱ በሠራው ላይ ነው። ለታደሰ የሰጠሁት ስድስት የአጎትህ ነው። የአንተ ሰባት የፍቅፋቂህ ነው፤ በደንብ ፍቀሃል። የገመቹ ስምንትም የፍቅፋቂው ነው። እስከ የት እንደምትደርሱ ለማየት ነበር የጠበቅሁት... ይኸው፣ እዚህ ደረሳችሁ።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል፤ የኔ ዓይን ግን መሬት ላይ ነበር።

«የልጅቱ የታለ?»

«እንጨት ክምር ሥር፣ ጋሼ።»

«ሩጥ!»

ሮጥኩ። ዝናቡ እላዬ ላይ ወረደ፤ ይበለኝ! ይዤ ስመለስ ለሊሴ ከእጄ ነጠቀችና ራሷ አቀረበችው። መምህር ዋቅጅራ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በርጩማው ወደ ግራ አዘነበለ። ሁላችንም አብረን አዘነበልን። ግን ያዘ!

«አንዱ እግሩ አጭር ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ። ላስተካክል ስቆርጥ ስቆርጥ መሬት ሊደርስብኝ ሆነ፤ ተውኩት።»

ያን ጊዜ ነው መምህር ዋቅጅራ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው። «የለሊሴ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ አምስት ጻፉ። የተሰበረውን ለእኔ እያስታቀፉኝ፣ «ለእናታችሁ ማገዶ ይሆናታል። ለአባታችሁ እኔ አልናገርም፤ መናገር ከፈለገች እሷ ትናገር» አሉ።

ለሊሴ እስከ ቤት ድረስ «አምስት! የራሴ አምስት!» እያለች ዘለለች። እኔ ከኋላዋ እንጨት ታቅፌ እከተላለሁ።

አባታችን ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «አምስት? ወንድሞችሽ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሲያመጡ አንቺ አምስት? ከእነሱ አትማሪም?» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ለሊሴ ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችን።

«እነሱ ጎበዞች ናቸው፣ አባባ» አለች።

ጓሮ ስንወጣ ግን ለሊሴ የዝምታዋን ዋጋ ነገረችን። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የምንቀዳው እኛ ነን፤ በተራ፤ ያውም በእንስራ! አንባቢዬ ሆይ፣ ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ በነቀምቴ ዳገት ሲወጣ፣ ምንጩ ዳር ያሉት ልጃገረዶች ምን እንደሚሉ አትጠይቁኝ። በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚሉት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባታችን ዳኛውን ይዞ መጣ።

«ያ የነገርኩዎትን የልጆቼን ሥራ ላሳይዎት» አላቸውና ወደ ማዕድ ቤት ተጣራ። «ለሊሴ! በርጩማዎቹን አምጪ!»

ሦስታችን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ለሊሴ እናታችንን ከመቀመጫዋ አስነስታ የሳሙና ሳጥኗን ይዛ ገባች።

«አምስቱ ይኸው፣ አባባ።»

«እሱን ተይው! ስምንቱስ?»

«ነደደ።»

«ነደደ! ሰባቱስ?»

«እሱም ነደደ።»

«ስድስቱስ?»

«ሦስቱም በአንድ ቀን ነደዱ፣ አባባ።»

ዳኛው ለሊሴን አዩ። ከዚያ እኛን፣ ከገመቹ እስከ ታደሰ፣ በዝግታ አዩን። ስንት ዘመን ሰው ሲመረምሩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው።

«ጸሐፊ» አሉ አባታችንን፣ «ሃያ ዓመት ችሎት ስቀመጥ እንዲህ ያለ አንዲት የሐሰት ቃል የሌለበት ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም።» ይህን ብለው አምስቱ ላይ ተቀመጡና ወደ ግራ አዘነበሉ።

አባታችን እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ። ውኃ የመቅዳቱ ተራ የገመቹ ነበር፤ እኔ ግን እንስራዬን አዝዬ ወደ ምንጩ ወረድኩ።