በጆሮዬ የቀጠንኩ ጊዜ

ሰዎች! ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ያዩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም አሁን የሉም፤ አላህ ይማራቸው። ስለዚህ ከራሴ በቀር የሚያሳጣኝ የለም።

በጆሮዬ ምክንያት ትዳር ሊያመልጠኝ ነበር!

አዎ፣ በጆሮ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ደሴ እኖራለሁ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ሰውነቴ ደልደል ያለ ነው። የማደርገው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ስለነበር ስራመድ ድምፄ ጆንያ የሚጎተት ነው የሚመስለው።

ከዚያ የቆዳ ጫማ ገዛሁ። ጫማ ሠሪው ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ተረከዙ ሥር ቁራጭ ብረት መታልኝ። በማግስቱ የቢሮውን ኮሪደር ስረግጠው፦

ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

ይህ የእኔ እግር ነው? እንዲህ የምትራመድ ሴት እኮ ሸንቃጣ ናት!

ብዙም ሳይቆይ ወገቤ የገባ፣ አንገቴ የረዘመ መሰለኝ። ቤታችን ያለው መስታወት ፊት ብቻ የሚያሳይ፣ የመዳፍ ያህል ነው። ታዲያ ምኔን አይቼ ልጠርጥር?

የቀበሌ ስብሰባ እንኳ ሆን ብዬ ዘግይቼ መግባት ጀመርኩ። በሲሚንቶው ላይ ሳልፍ አዳራሹ ሁሉ ይዞራል። አንድ ቀን ሰብሳቢው "ጓዲት፣ ሰልፉ ነገ ነው!" ብሎ አሳቀብኝ።

ቅናት ነው አልኩ።

በዚህ መሀል ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጁን ከሩቅ አይቼ ወድጄዋለሁ፤ አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም። እናቱ እትዬ ዘሀራ ሳያዩኝ ነገሩ አያልቅም። እኔንና እናቴን ኮምቦልቻ ቤታቸው ለምሳ ጠሩን።

ቀሚስ ያስፈልጋል። ጨርቁ ቀበሌ ሱቅ በዕጣ የደረሰን ሰማያዊ ቴትሮን ነው። ከተበላሸ ሌላ የለም!

በእኛ ሰፈር ልጃገረድ በወንድ እጅ አትለካም። እናቷ በክር ትለካትና ደረቱና ወገቡ ላይ ቋጠሮ አድርጋ ክሩን ለልብስ ሰፊው ትልካለች። የእኔን ክር ጋሽ ሙሄ ከአምና ጀምሮ ሚስማር ላይ ሰቅለውታል።

በረንዳቸው ላይ ቀጭ ቀጭ እያልኩ ስወጣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ "ማናት ይቺ ቀጭኗ?" አሉ።

ሰማችሁ? ባለሙያው ራሳቸው!

"ጋሽ ሙሄ፣ ክሩ የአምና ነው። ከወገቡ አራት ጣት ይቀንሱልኝ።"

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ እናትሽ እንደገና ትለካሽ።"

"አያስፈልግም፤ ራሴን አላውቅም እንዴ?"

"ወላሂ እኔ የለሁበትም" አሉና መቀሳቸውን አነሡ።

የምሳው ቀን ቀሚሱን የለበስኩት ትንፋሼን ውጬ ነው። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል፣ እያልኩ ኮምቦልቻ ወረድን።

እትዬ ዘሀራ ቤት ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ወለሉ ደግሞ ሳንቃ ነው! የእኛ ቤት ወለል አፈር ስለሆነ ምሥጢር ይጠብቃል። ሳንቃ ግን አይጠብቅም።

ድብ። ድብ። ድብ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ከኋላዬ ማን ገባ ብዬ ልዞር ነበር።

እኔው ነኝ። ሰውነቴ ሙሉው ተመለሰልኝ፤ ቀሚሱ ውስጥ!

የእትዬ ዘሀራን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ።

ትርርርርር!

ከብብቴ እስከ ዳሌዬ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ጨርቁም ልጁም ሄዱ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ! ያ ወንዱ ልጄ እኮ 'ሸምበቆ ናት' ብሎኝ ከፍቶኝ ነበር!"

እሱስ በምን አየኝ? በመሥሪያ ቤታችን ደጅ ሲያልፍ ሰምቶኝ ነዋ!

ኒካሁ ታሰረ። የሰርጉን ቀሚስ ግን እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ቆመው አሰፉት። ሁለት ሴት ይይዝ ነበር!

ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰውነትን በድምፅ አትመኑ። አሁን ከመቀመጫዬ ስነሣ ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። ልጆቼ "እርጅና ነው" ይሉኛል። እኔ ግን በድምፅ አልፈርድም ብያቸዋለሁ።

ተሳሳትኩ እንዴ?