ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ የሚጠይቁት አጎት

መጋቢት ሦስት ቀን ስለ አዲሱ የጤና ሕግ የተጠራው ስብሰባ ተዘጋ እንጂ አላለቀም። ሰብሳቢው «ጥያቄ ከሌለ እንግዲህ» ብለው ወረቀታቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው የኋለኛውን ረድፍ አዩ። እጅ አልወጣም። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ኃላፊም ብዕሯን ሳትከድን ቆየች። አጎቷ ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም።

ስብሰባ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ይልና፣ ሰው ኮቱን ሲያነሣ እጁን ያወጣል። ክቡር አጎቷ፣ ጡረታ የወጡት የመንገድ ቀያሽ፣ የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። «አንድ ጥያቄ ብቻ» ሲሉ አዳራሹ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ አንዷ ጥያቄ ብዙ ልጆች እንዳሏት የማያውቅ የለማ። የሕንፃቸው አሳንሰር የተመረቀ ዕለት፣ ሪባኑ ተቆርጦ ሰው ወደ ለስላሳው ሲዞር፣ የአደጋ ደወሉ የሚሰማው ማን ጋ እንደሆነ ጠየቁ። የአሳንሰሩ ባለሙያ ገብቶ ደወለ። የትም አልተሰማም።

ትልቁ ቀናቸው ግን ጥቅምት ላይ ነበር። ከሚኒስቴሩ የመጡት ባለሙያ፣ ከእንግዲህ በነባር ሕመሙ የተነሣ ኢንሹራንስ የሚከለከል ማንም እንደሌለ ሲናገሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መዝገብ ያዧም አጨበጨበች፤ ልቧን የሚያማት እናቷ፣ የአጎት እህት፣ በዚያው ሳምንት ከባሕር ማዶ ልትጠይቃት ትመጣ ነበር። ሰው መነሣት ሲጀምር አጎት እጃቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ ነገ አይጠይቁም? ርቦናል እኮ» አላቸው አንድ የታክሲ ሹፌር በሩ ላይ ሆኖ።

«ከነገ ወዲያማ እህቴ ትሳፈራለች። ማንም ያሉት፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳንም ይጨምራል?»

ባለሙያዋ ገጽ ገለጡ፤ ከባልደረባቸው ጋር ተንሾካሾኩ። አይጨምርም። ሕጉ ለነዋሪ ነው፤ የእንግዳ ኢንሹራንስ ግን የጉዞ ውል ስለሆነ ኩባንያው ነባሩን ሕመም አልሸፍንም ማለት ይችላል። ሕመሙ ድንገት ሲብስ የሚሸፍን ውልም አለ፤ እሱ ደግሞ ከመሳፈር በፊት ካልተገዛ አይሆንም።

ሹፌሩ ተመልሶ ተቀመጠ። «አባቴ በወሩ መጨረሻ ሊመጣ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይቀጥሉ እስቲ፣ ጋሼ።»

ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ረሃብ ያነሣ አልነበረም።

በማግስቱ የኢንሹራንስ ወኪሉን ቢሮው ሳይከፈት ደጁ ላይ ጠበቁት፤ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን እስኪያሽ ድረስም ጠየቁት። እህታቸው ትክክለኛውን ውል ይዛ ተሳፈረች። ጥር ላይ ልቧ ሲደክም ሆስፒታል ገብታ ታክማ ወጣች፤ ኩባንያውም ያለ ክርክር ከፈለ። የተጻፈውን በትክክል መያዝ መዝገብ ያዧ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ከተጻፈው ውጭ የቀረውን ሰው ማየት የት እንደሚማሩት ግን ዛሬም አታውቅም። አጎቷን ከተራራ ሥር እንደቆመ ሰው ቀና ብላ ነበር የምታያቸው።

የእሳቸውም ልብ ታሞ ኖሯል። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

የካቲት መጨረሻ፣ ባረፉበት ዕለት ጠዋት፣ የእህታቸውን መድኃኒት ሊያመጡ ፋርማሲ ሄዱ። የጠርሙሱ ክዳን ተጭነው የሚያዞሩት ዓይነት ነበር፤ ያበጡት ጣቶቿ አይችሉትም። ፋርማሲስቷ ላላ ያለ ክዳን ፈልጋ እስክትቀይርላቸው ቆመው ጠበቁ። ቤት ገብተው ጠርሙሱን ሰጧት፤ ራሷ ከፍታ ዋጠች።