ፀሐይ ያነሳቸው ጋሽ ገበየሁ

ወሬው ሲደርሳት ሀዲጃ ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ ሳሙና እየቆረጠች ነበር። ኤልቤቴል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የጎረቤቷ የጋሽ ገበየሁ ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ ገና ከመንገዱ ማዶ ጀምራ እየተጣራች ነው የምትመጣው። ዛሬ አልተጣራችም።

"አባዬ አረፈ፣ እትዬ ሀዲጃ" አለች።

ሀዲጃ የጀመረችውን ሳሙና ቆርጣ ጨረሰች፤ ጠቅልላ ሰጠች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ" አለች፣ "ማን መድኃኒት ሊያዝለት ነው?"

ሰው የሰፈረበት ቦታ ሁሉ ሳይማር የተመረቀ አንድ ሐኪም አለው። ጤና ጣቢያ ሳይሠራ በፊት እሱ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ከተሠራም በኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ "ምንህን ነው?" ይላል። መልሱን አይጠብቅም። የሕመሙን ስም አያውቀውም፤ መድኃኒቱን ግን ያውቀዋል። በዲላ፣ ሀዲጃ ሱቅ በከፈተችበት ሰፈር፣ ሹመቱ የጋሽ ገበየሁ ነበር። "ክቡር ሐኪም" ትላቸዋለች፤ በፊታቸውም፣ በሌሉበትም።

የክቡር ሐኪም መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ። ጉልምስናቸውን ሙሉ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማድረቂያ ኃላፊ ሆነው ነው የሠሩት። ታጥቦ የወጣው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ እኩለ ቀን ላይ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፣ ዝናብ ሲያንዣብብ ደግሞ እየተሮጠ ይሸፈናል። ጋሽ ገበየሁ ጡረታ ወጥተው ዲላ ሲገቡ አልጋዎቹን አሪቻ ጥለው ሥራውን ይዘውት መጡ። ለእሳቸው ፍጥረት ሁሉ ወይ የደረቀ ነው ወይ ያልደረቀ። ጉንፋን እርጥበት ነው። የወገብ ሕመም እርጥበት ነው። ባልና ሚስት ከተጣሉ የቤቱ መስኮት ጠቦ ነው። ትእዛዛቸውም አንዲት ቃል ነበረች፤ "አስጡት!"

ጎረቤታቸው ገነት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በየጠዋቱ እየመጡ ሕፃኑን ያሰጡ ነበር። "አሁን ገልብጪው… አሁን ሸፍኚው፣ ፀሐይዋ በረታች።"

"ጋሼ፣ ልጅ እኮ ነው፣ ቡና አይደለም" አለቻቸው አንድ ቀን ገነት፣ እጇ ሲዝል።

"ከዚህ ሰፈር ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ ሁሉ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ገልብጪው።"

ከጎጃም የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ታይፎይድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ቢያገኙት ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈው አስተኙት፤ አጠገቡ ቆመውም አስገላበጡት። ሰውዬው በሐኪም ቤት ክኒን ዳነ። ጀርባው ግን ለብዙ ቀን ተላጠ። ጋሽ ገበየሁ መላጡን የመዳኑ ማስረጃ አደረጉት።

ከሁሉ የባሰባት ሀዲጃ ነበረች። ሱቋ ጨለም ያለ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። "አንቺ መጋዘን ውስጥ የተረሳሽ ቡና ነሽ" ይሏታል። ይህን ብለው የምትቀመጥበትን ዱካ አንስተው ደጅ ፀሐይ ላይ ያኖሩታል። እሷ መልሳ ታስገባዋለች። በየቀኑ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ደጅ ስሰጣ ስኳሩን ማን ይሽጥ?"

"ስኳሩም እርጥበት ይዞታል።"

እሳቸው ራሳቸው ከሱቁ በር ጎን የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና ቀኝ እግራቸውን ይዘረጋሉ። በወጣትነታቸው ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ቀበሌ ግንድ ሲያወርዱ ቅልጥማቸውን መትቷቸዋል። ቁስሉ ይደፈንና ከርሞ ያመረቅዛል፤ ይደፈንና ያመረቅዛል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ፀሐይ ያስመቱታል።

"ሐኪም አያሳዩትም?" ትላቸዋለች ሀዲጃ።

"ለፀሐይ እያሳየሁ አይደል? ይኸው፣ ላዩ ደርቋል።"

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ፊታቸው ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ እግራቸው አልጫማ አለ። ሽንታቸው አረፋ ይሠራል። ጋሽ ገበየሁ በሽታውን ወዲያው አወቁት፤ እርጥበት። ደጅ የሚቀመጡበትን ሰዓት ጨመሩ። እብጠቱም ጨመረ። በመጨረሻ ኤልቤቴል ተቆጥታ ከተማው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። እዚያ ከኩላሊታቸው በመርፌ ቅንጣት ወስደው መረመሩ።

ከአዲስ አበባ የተመለሱ ዕለት ቤታቸው ሳይገቡ ሱቁ ደጃፍ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

"ምን አሉ?" አለች ሀዲጃ ከውስጥ።

ጋሽ ገበየሁ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ።

"ጋሼ፣ ምን አሉ?"

"ፀሐይ አንሶሃል አሉኝ።"

ሀዲጃ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ሳቋ መጣ። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጋሽ ገበየሁ የተሰደቡ ያህል ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። "ይህ ደሜ ውስጥ ያለውን ለኩት፤ ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን፣ ዲ የሚሉት። የለም ማለት ይቻላል አሉኝ። እኔን!"

"እኚህ ናቸው እንግዲህ ፀሐይ የሚያዙልን ሐኪም! እኔ እኮ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ…" ብላ ጀምራ ቀና ስትል ከአባቷ ኋላ የቆመችውን ኤልቤቴልን አየቻት። ኤልቤቴል አልሳቀችም። ሀዲጃም ሻሿን ከአፏ አወረደች።

ነገሩን ያስረዳችው ኤልቤቴል ናት፤ የአዲስ አበባዋ ዶክተር እንዳስረዳቻት አድርጋ። የበሽታው ስም አሚሎይዶሲስ ይባላል። ሰውነት የማይሽር ቁስልን ለዓመታት ሲታገል አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያመርታል፤ ያ ፕሮቲን ሲበዛ በየአካሉ እንደ ዝቃጭ ይቀመጣል። አባቷ ኩላሊት ላይ ተቀምጧል። ኩላሊቱ ማጥለሉን ትቶ ማፍሰስ ጀምሯል። ቫይታሚኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚያዞረውም ፕሮቲን ነውና በሽንት ሲወጣ ጭነቱን ይዞት ይወጣል።

ጋሽ ገበየሁ ጥቂት አሰቡ።

"ገባኝ" አሉ። "ፀሐይዋ ገብታለች። ጆንያው ነው የተቀደደው። ከአሪቻ ሙሉ ተጭኖ ዲላ ባዶውን የሚደርስ ጆንያ።" ነገሩ በመጠኑ አጽናናቸው፤ ጥፋቱ የፀሐይ አልነበረም። "እሺ፣ ቁስሉ የታለ? የማይሽር ያሉት?"

"እግርህ ነው፣ አባዬ" አለች ኤልቤቴል።

ሱሪያቸው እንደ ልማዳቸው ተጠቅልሏል። ቅልጥማቸውን አዩት። ላዩ ደርቋል።

"ሀዲጃ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ቡና ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? አምሮ ይጫናል። ማንም አይነቃበትም። መጋዘን ገብቶ ብቻውን አይሻግትም፤ ጎኑ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሻግተው። እኔ እንዲህ ያለውን በጥርሴ እየነከስኩ፣ ገና አልደረሰም እያልኩ ስመልስ ነው የኖርኩት።" ሱሪያቸውን ወደ ታች ለቀቁት። "እግሬን ግን አልነከስኩትም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ ማዘዙን ይተዋል። ጋሽ ገበየሁ መድኃኒቱን ብቻ ለወጡ። እግራቸው ተቀድዶ አጥንቱ ተጠረገ። የቫይታሚኑም ክኒን ተሰጣቸው፤ ለአጥንትዎ ነው፣ ኩላሊቱን አይመልሰውም ተባሉ። በምርኩዝ መሄድ እንደቻሉ ሰፈሩን ዞሩ። "አስጡት" ቀረ። አሁን ትእዛዙ "ውስጡን አሳይ!" ሆነ። የቆየ ሳል ያለበትን፣ የማይሽር ቁስል ያለበትን፣ አንዳንዴም ምንም የሌለበትን እየጎተቱ ሐኪም ቤት አደረሱ። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ከሩቅ ሲያያቸው "ዛሬ ደግሞ ማንን አመጡ?" ይል ነበር።

እምቢ ያላቸው ጫላ ነው። ጫላ ከዲላ ወጣ ብላ ያለችው የጪጩ ሰው ነው፤ ከገበያው ለሀዲጃ ሱቅ ጆንያ ተሸክሞ የሚያደርስ፣ ሳቂታ። እሱም ቅልጥሙ ላይ ቁስል አለው፤ በፌስታል ጠቅልሎት ይሄዳል።

"ና፣ ውስጡን አሳይ" አሉት።

"ደርቋል እኮ፣ ጋሼ። ራስህ አይደለህ እንዴ አስጣው ያልከኝ? ስታዘኝ ሰጣሁት። አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?"

ጋሽ ገበየሁ ያን ቀን ሌላ ሰው ሳይዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሀዲጃ ሚዛኑን የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ጫላ ሆነ። ባበጠ እግራቸው ባጃጅ ተሳፍረው ጪጩ ድረስ ሄዱ፤ ጫላ መምጣታቸውን ሰምቶ እንሰት ውስጥ ተደበቀ። "ሐኪሙ ሲመጣ ልቤ ይመታል" እያለ ለሀዲጃ ተረከላት፤ እየሳቀ። በሌላ ጊዜ እሺ አለና ቀረ። የሥራ ቀን ነው አለ። ሚስቴ ትወልዳለች አለ። ጋሽ ገበየሁ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ቁስላቸውን ማስጣት ትተዋል፤ የሚቀመጡት ጫላን ሊይዙ ነው።

ሐዋሳ ለምርመራ በሄዱ ቁጥር ኩላሊቱ ደክሞ ተገኘ፤ ቫይታሚኑም ክኒኑን እየዋጡ ወረደ። "ፀሐይዎ እንዴት ናት?" ትላቸዋለች ሀዲጃ ሲመለሱ። "እየጠለቀች ነው" ይሏታል። መጠየቁን ተወችው። የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ያኔ እጥበቱ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ደጋግሞ ነው። ጋሽ ገበየሁ ሲነገራቸው "ከታጠብኩ በኋላስ ማን ያሰጣኛል?" አሉ። ኤልቤቴል ለመሄጃው ገንዘብ ስትሯሯጥ እሳቸው አልጋ ላይ ዋሉ።

ሀዲጃ አጥሚት ይዛ ገብታ ነበር። ትራሳቸውን አስተካከለች። መስኮቱን ልትከፍትላቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

"ጫላ መጣ?"

"ቅዳሜ ይመጣል፣ ጋሼ።"

"እኔ ነኝ አስጣው ያልኩት።"

"አውቃለሁ። ሲሻልዎት እርስዎው ይወስዱታል።"

"አንቺ ውሰጂው" አሉ። "ሱቁን ዝጊና ውሰጂው። ስኳሩ የትም አይሄድም።"

እሺ አለቻቸው። ለታመመ ሰው እሺ ነው የሚባለው።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሀዲጃ ሱቋን ከፈተች። የለስላሳ ሳጥኑ እንደተገለበጠ በሩ ጎን አለ። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል "ተወው፣ የሰው ነው" አለችው። ወደ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ሀዲጃ ባንኮኒው ኋላ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ዱካዋን ራሷ አንስታ ደጅ አወጣች፤ ሳጥኑ አጠገብም ተቀመጠች። ዛሬ መልሶ የሚያስገባው አልነበረም። ገነት በመንገዱ ስታልፍ አየቻት።

ቅዳሜ ጫላ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ሲያስቀምጥ ቁስሉ ያለበትን እግር ትቶ በሌላው ተደግፎ ነው።

"ውስጡን አሳይ" አለችው ሀዲጃ።

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። "ሰኞ፣ እትዬ። ሰኞ እንሄዳለን።"

ሰኞ ሱቁን ዘግታ ደጅ ቆማ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ከዚያ በኋላም ሌላ ሰኞ ጠበቀችው። የጫላ እግር እስካሁን አልታየም።